ለአንድ እግር የተሠራ ካልሲ

ተነጋጋሪዎቹ ሁለት ናቸው። እትዬ የእጅ ሥራ ሲያስተምሩ ኖረው ጡረታ የወጡ ሴት ናቸው፤ ወጣቱ የወንድማቸው ልጅ ነው፣ ሙያው የሒሳብ ሥራ። ቦታው አዲስ አበባ፣ ወሩ ሐምሌ። በእትዬ እጅ ግማሽ የደረሰ የሱፍ ካልሲ አለ፤ ድመቷ ውሮ አጠገባቸው ተኝታለች።

ወጣቱ፦ እትዬ፣ ዛሬ ልሞግትዎ ነው የመጣሁት፤ እንዳይቀየሙኝ። ካልሲ በየመንገዱ ዳር ተዘርግቶ ይሸጣል። እርስዎ ግን ለአንድ ጥንድ ስንት ማታ ያመሻሉ? እኔ እንደማውቀው ሒሳቡ አይገጥምም።

እትዬ፦ ልክ ነህ፣ አይገጥምም። ጥሩ የሱፍ ክር ብቻውን ከሱቁ ካልሲ ዋጋ ይበልጣል፤ ድካሙ ገና ሳይታሰብ። ገንዘብ አተርፋለሁ ብሎ ካልሲ የሚጀምር ሰው ቢኖር ሌላ ሥራ እንዲፈልግ እመክረዋለሁ። እኔን የሚያስቀምጠኝ ሌላ ነገር ነው።

ወጣቱ፦ ምን?

እትዬ፦ እግሩ። የሱቁ ካልሲ ለማን እንደተሠራ አይታወቅም፤ ከዚህ ቁጥር እስከዚያ ቁጥር ለሚጫማ ሁሉ ነው። ይህ በእጄ የያዝኩት ግን ያንተ ነው። እግርህ ከፊት ሰፊ ነው፣ ቁርጭምጭሚትህ ቀጭን ነው፣ ቀኝህ ከግራህ ትንሽ ይረዝማል። ይህን ሁሉ ለክቼ ነው የጀመርኩት። ካልሲው እስኪያልቅ ድረስ የማስበው አንድ ሰው ነው። ስለ ሰው እንዲህ ረጋ ብሎ ለማሰብ ሌላ ጊዜ መቼ ይገኛል?

ወጣቱ፦ ሲናገሩት ደስ ይላል። ግን እኮ እኔ ጎልማሳ ሰው ነኝ፤ ካልሲ ገዝቼ አደርጋለሁ።

እትዬ፦ ጎልማሳ ሳትሆን በፊትስ? በአገራችን ሴት ስታረግዝ እናቷ ወይም ጎረቤቷ ክር ገዝታ የሕፃን ኮፍያና ካልሲ ትጀምራለች። ልጁ ሳይወለድ፣ ስም ሳይወጣለት፣ እግሩ ታስቦለታል። ያን ካልሲ አይቶ “ስንት ያወጣል?” የሚል ሰው አይቼ አላውቅም። ሁሉም ምን እንደሆነ ያውቃል፤ “ስትመጣ ተጠብቀሃል” ማለት ነው። ታዲያ ልጁ ሲያድግ ይህ ቃል ለምን ይቋረጥበታል? እኔ ያላቋረጥኩት እሱን ነው።

ወጣቱ፦ እሺ፣ በዚህ አልከራከርም። አሠራሩን ግን ያስረዱኝ። አምስት መርፌ በአንድ ጊዜ ሲያንቀሳቅሱ ሳይ ዓይኔ ይምታታል።

እትዬ፦ በአንድ ጊዜ የሚሠሩት ሁለቱ ብቻ ናቸው። መርፌዎቹ በሁለቱም ጫፍ ሹል ናቸው፣ ውፍረታቸው 2 ሚሊ ሜትር ተኩል ገደማ ነው። ለአንተ 64 ቀለበት ጀመርኩ፤ በአራት መርፌ ላይ 16፣ 16 እየሆኑ ተቀመጡ። አምስተኛው ባዶ ነው፣ የሚሠራው እሱ ነው። አንዱን መርፌ ሠርቼ ስጨርስ ያ መርፌ ባዶ ይሆንና ተራው ይደርሰዋል። እንዲህ እየተቀባበሉ ይዞራሉ፤ ስለዚህ ካልሲው ስፌት የለውም። አፉን ሁለት በፊት፣ ሁለት በጀርባ እያልኩ ስሠራው ይለጠጣል፣ ከባት ላይ አይወርድም። ከዚያ በኋላ ያለው ባት እስከ ቁርጭምጭሚት መዞር ብቻ ነው።

ወጣቱ፦ መዞር ብቻ! አይሰለችም?

እትዬ፦ እጅ ሥራውን ከለመደ በኋላ ዓይን አያስፈልገውም። ያን ጊዜ ራዲዮ ይሰማል፣ እንግዳ ይጫወታል፣ ዝናብ ሲዘንብ ይደመጣል። በስልክ እያወሩ ሥራ መሥራትና በእጅ ሥራ እየሠሩ ማውራት አንድ አይደሉም። ስልኩ ሐሳብህን ከፊትህ ካለው ሰው ይወስደዋል፤ መርፌው ግን እጅህን ይይዝና ጆሮህን ለሰውየው ይተውለታል። ካስተማርኳቸው ልጆች ብዙዎቹ ምሥጢራቸውን የነገሩኝ እጃቸው ሥራ ላይ እያለ ነው።

ወጣቱ፦ አንድ ካልሲ በጠቅላላው ስንት ቀለበት ይሆናል?

እትዬ፦ አንተው አስላው። በ10 ሳንቲ ሜትር ውስጥ 44 ዙር ገደማ አለ። ባቱ 15፣ እግሩ 25 ሳንቲ ሜትር ቢሆን፣ እያንዳንዱ ዙር ደግሞ 64 ነው።

ወጣቱ፦ 176 ዙር... ከ11,000 በላይ። ለጥንዱ ከ22,000 በላይ!

እትዬ፦ እያንዳንዱ በጣት አልፏል። ደስታው ያለው ግን ቁጥሩ ላይ አይደለም፣ ተረከዙ ላይ ነው። ካልሲ ካልሲ የሚሆነው እዚያ ነው፤ እስከዚያ ድረስ ቱቦ ነው። ከ64ቱ 32ቱን ለብቻ አወጣለሁ፤ ሌሎቹ ባሉበት ይጠብቃሉ። በ32ቱ ላይ ወዲያና ወዲህ እየተመላለስኩ ከተረከዝ በስተኋላ የሚውለውን እሠራለሁ። አንዱን ሠርቼ ቀጣዩን ሳልሠራው አሳልፈዋለሁ። ያለፈው ቀለበት ጀርባ ክር ስለሚደረብ ጫማ የሚያሸው ቦታ ወፈር ይላል። ከዚያ መታጠፊያው ይመጣል። ረድፉን እስከ ጫፉ አልሄድም፤ ከመሐል ጥቂት አልፌ ሁለቱን አንድ አደርግና እመለሳለሁ። በሚቀጥለው ረድፍ አንድ እርምጃ ጨምሬ እሄዳለሁ፣ እንደገና ሁለቱን አንድ አድርጌ እመለሳለሁ። ጠፍጣፋ የነበረው በዓይንህ ፊት እየተሰበሰበ ይጎደጉዳል። ተረከዝህ የሚያርፍበት ጉድጓድ ያ ነው።

ወጣቱ፦ ምንም ሳይቆረጥ?

እትዬ፦ ምንም ሳይቆረጥ፣ ምንም ሳይሰፋ። ከዚያ ከሁለቱ ጎን አዳዲስ ቀለበት አነሳለሁ፤ ቁጥሩ ከ64 በላይ ይወጣል፣ ምክንያቱም ቁርጭምጭሚት ሲታጠፍ እግር እዚያ ላይ ይሰፋል። በየሁለት ዙሩ ሁለት ሁለት እየቀነስኩ ወደ 64 እመልሰዋለሁ። ወደ ጣቶቹ ስደርስ በየሁለት ዙሩ አራት እቀንሳለሁ፤ 16 ሲቀሩ ስምንቱን ከስምንቱ ጋር በስፌት መርፌ አጋጥማቸዋለሁ። የቀለበቱን መንገድ ተከትለህ ስትሰፋው ጣት የሚቆረቁር ጠርዝ አይኖርም። ካልሲ የሠራ ሰው እግር ምን እንደሆነ ያውቃል። የት እንደሚሰፋ፣ የት እንደሚጠብ፣ የት እንደሚታጠፍ በጣቱ ተምሮታል።

ወጣቱ፦ ይህን መጀመሪያ ያሰበው ማን ይሆን?

እትዬ፦ ስሙ አልቀረልንም፤ ሥራው ግን አለ። ለንደን በሚገኘው ቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም ከግብፅ የወጣ ቀይ የሱፍ ካልሲ አለ፤ እ.ኤ.አ. ከ250 እስከ 420 ባለው ጊዜ የተሠራ ነው። በነጠላ ጫማ እንዲደረግ አውራ ጣቱ ከሌሎቹ ተለይቷል። እሱ በአንድ መርፌ እየተጠላለፈ የተሠራ ነው፤ እኔ እንደምሠራው አይደለም። በዚህ በኛ አሠራር ከተሠሩት በጣም የቆዩ ሆነው የሚታወቁትም የግብፅ ካልሲዎች ናቸው፤ ነጭና ሰማያዊ ጥጥ፣ ከ11ኛው እስከ 14ኛው ክፍለ ዘመን ባለው ጊዜ። የዓባይ ውኃ ከኛ ወርዶ በሚደርስበት አገር የተቀመጠ ሰው እንዴት አድርጌ ተረከዝን ላልብስ ብሎ አሰበ፤ ዛሬ እኔም በዚያው ጥያቄ ላይ ተቀምጫለሁ። ይህ ያስደስተኛል።

ወጣቱ፦ የሱቁስ ካልሲ ከየት መጣ?

እትዬ፦ እ.ኤ.አ. በ1589 ዊልያም ሊ የተባለ እንግሊዛዊ ቄስ ካልሲ የሚሠራ መሣሪያ ፈለሰፈ። ንግሥት ኤልሳቤጥ በእጃቸው ሠርተው የሚያድሩ ድሆች እንጀራቸውን እንዳያጡ ብላ ፈቃድ እንደከለከለችው ይተረካል። መሣሪያው ግን አልቀረም፤ ዛሬ የምትገዛው ካልሲ የሚሠራበት ማሽን የዚያ ዘር ነው። እኔ በማሽን ላይ ቂም የለኝም፤ ብዙ እግር አልብሷል። የምለው አንድ ነው፦ ለሁሉ የሚሆን ካልሲ ማሽኑ ይሥራ፣ ለአንድ ሰው የሚሆነውን ግን ሰው ይሥራ።

ወጣቱ፦ እኔ ብጀምር ጓደኞቼ የሴት ሥራ ይሉኛል።

እትዬ፦ ይበሉ። በመንዝ የበጉን ጠጉር ሴቶች ይፈትሉታል፣ ባናውን የሚሸምኑት ወንዶች ናቸው። በአውሮፓም የሹራብ ሠሪዎች ማኅበር በነበረባቸው በድሮዎቹ ከተሞች ባለሙያ ተብለው የተመዘገቡት በአብዛኛው ወንዶች ነበሩ። ብርድ ወንድና ሴት አይለይም፣ ክርም እንደዚያው።

ወጣቱ፦ የመንዝ ጠጉር ለካልሲ ይሆናል?

እትዬ፦ ለባና ግሩም ነው፤ ለካልሲ ግን ይሻክራል። የሰው ቆዳ ከ30 ማይክሮን (የሚሊ ሜትር ሺኛ) በላይ የሚወፍር ጠጉር ሲነካው ይወጋዋል። ሜሪኖ የሚባለው በግ ጠጉሩ ብዙውን ጊዜ ከ24 ማይክሮን በታች ስለሆነ ለስላሳ ነው። ለካልሲ ተብሎ የሚፈተለው ክር አብዛኛውን ጊዜ 75 በመቶ ሱፍ፣ 25 በመቶ ናይለን ነው፤ ናይለኑ የሚገባው ካልሲው ቶሎ እንዳያልቅ ነው። 100 ግራም ለአንድ ጥንድ ይበቃል። ስትገዛ መለያውን አንብብ፤ ሱፍ መስሎ አክሪሊክ የሆነ አለ። አክሪሊክ አይከፋም፣ ግን የእግር ላብ አይጠጣም። ሱፍ ከክብደቱ ሲሶ የሚጠጋ እርጥበት ይዞ እንኳ እርጥብ ነኝ አይልም። በሐምሌ ጭቃ ውስጥ ውሎ ለሚመጣ ሰው ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ወጣቱ፦ ካልሲውን ተቀብያለሁ። ድመቷን ግን አስረዱኝ። ውሻ ቤት ይጠብቃል። ድመት ግን የአይጥ ነገር ካልሆነ ምን ታደርጋለች? ለማንም አትታዘዝም። “ድመት መንኩሳ ዓመሏን አትረሳ” ሲባል ነው ያደግነው።

እትዬ፦ ተረቱ እውነት ነው፤ እኔ ውሮን የምወድበት ምክንያትም እሱ ነው። ዓመሏን እንድትረሳ ለምን እፈልጋለሁ? ስትፈልግ ትመጣለች፣ ስትጠግብ ትሄዳለች። እንድትታቀፍ ብትገደድ ትቧጭራለች፤ ብትተዋት ራሷ ጭንህ ላይ ትወጣለች። ከሰው ጋር የጀመረችውም እንዲህ ነው። ገበሬ እህል ማከማቸት ሲጀምር አይጥ መጣ፤ አይጡን ተከትሎ የዱር ድመት መጣ። አስሮ ያመጣው የለም። የቤት ድመት ሁሉ የተገኘው በሰሜን አፍሪካና በመካከለኛው ምሥራቅ ከሚኖረው የዱር ድመት ነው፤ ያ የዱር ድመት በኛም አገር ዱር ዛሬም አለ። በቆጵሮስ ከሰው ጎን የተቀበረ የድመት አፅም ተገኝቷል፤ ዕድሜው ወደ 9,500 ዓመት ይጠጋል፤ የፈረንሳይ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2004 ነው ይፋ ያደረጉት። ቆጵሮስ ደሴት ናት፤ የራሷ የዱር ድመት አልነበራትም። እንግዲህ አንድ ሰው በጀልባ ይዟት ተሻግሯል ማለት ነው።

ወጣቱ፦ በኛ አገር ስም የሚጠራም ድመት አለ አይደል? አቢሲኒያን የሚሉት?

እትዬ፦ አለ። እ.ኤ.አ. በ1868 ከመቅደላ ዘመቻ በኋላ ከአገራችን ወደ እንግሊዝ ተወሰደች የተባለች ድመት ነበረች፤ የእንግሊዝ ጦር ባረፈበት ወደብ ዙላ ብለው ስም አወጡላት። እ.ኤ.አ. በ1874 በታተመ የድመት መጽሐፍ ላይ ሥዕሏ ወጥቷል። የዘር ጥናት ግን ይህ የድመት ዘር ከሕንድ ውቅያኖስ ዳርቻ አገሮች ድመቶች ጋር እንደሚቀራረብ ያሳያል። ስሙ የኛ ሆነ፣ ዘሩ ግን የሌላ ይመስላል። እኔ ዘር አልመርጥም፤ ውሮ ከሰፈር የመጣች ናት።

ወጣቱ፦ እና ከእሷ ጋር መኖር ደስታው ምኑ ላይ ነው?

እትዬ፦ በብዙ ትንንሽ ነገር ላይ። በክረምት ማታ የሰውነቷ ሙቀት ከ38 እስከ 39 ዲግሪ ነው፤ ከኛ ትበልጣለች፣ ጎንህ ስትተኛ ይሰማሃል። ስትንጎራጎር ድምፁ በሰከንድ ከ20 እስከ 30 ጊዜ ገደማ ይርገበገባል፤ በጆሮህ ከመስማትህ በፊት በመዳፍህ ታውቀዋለህ። ብርድ ልብሱን በሁለት እጇ ሊጥ እንደሚያቦካ ሰው ስትጫነው ታያለህ። ግልገል ሳለች የእናቷን ጡት ወተት እንዲወርድ የምትገፋበት ልማድ ነው፤ ትልቅ ሆናም ደስ ሲላት አይተዋትም። እያየችህ ዓይኗን ቀስ ብላ ጨፍና ከገለጠች ደግሞ አንተም ቀስ ብለህ ጨፍነህ ግለጥላት። በእንግሊዝ የሰሴክስ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጡት ጥናት ሰው እንዲህ ሲያደርግላቸው ድመቶች ብዙ ጊዜ እንደሚመልሱ፣ ወደማያውቁት ሰውም ይበልጥ እንደሚቀርቡ ታይቷል። ቋንቋዋን ስትናገርላት ትመልሳለች። ይህ ነው ደስታው፤ አንተን ለመምሰል የማትሞክር ፍጥረት አንተን መርጣ አጠገብህ ትቀመጣለች።

ወጣቱ፦ ክርና ድመት ግን አንድ ቤት ውስጥ እንዴት ይስማማሉ? በሥዕል ላይ ሁልጊዜ ድመት በክር ኳስ ስትጫወት ነው የማየው።

እትዬ፦ ያ ሥዕል ብዙ ድመት ሳይጎዳ አልቀረም። የድመት ምላስ ላይ ወደ ኋላ ያዘነበሉ እሾህ የሚመስሉ ጥቃቅን ነገሮች አሉ። ክር አንዴ ከያዘች መትፋት ይቸግራታል፤ ወደ ውስጥ ይሄዳል። አንዱ ጫፍ ከምላሷ ሥር ወይም ከጨጓራዋ ሲያዝ ሌላው ጫፍ ወደ አንጀት ይወርዳል፤ አንጀቷ በክሩ ላይ ይሸበሸባል፣ ክሩም ይቆርጠዋል። ያለ ቀዶ ሕክምና ልትሞት ትችላለች።

ወጣቱ፦ “ድር ቢያብር አንበሳ ያስር” ይባላል።

እትዬ፦ አንበሳን ለማሰር ማበር አለበት፤ ለድመት ግን አንዱ ክር ብቻውን ይበቃል። ስለዚህ በዚህ ቤት ሕግ አለ። ክሩ ክዳን ካለው ሳጥን ውስጥ በትንሽ ቀዳዳ እየወጣ ነው የምሠራበት። ስነሳ ሥራው፣ መርፌውና ቁርጥራጩ ሁሉ ሳጥኑ ውስጥ ይገባል፤ መርፌዎቹን ቆጥሬ ነው የምዘጋው። ለመጫወቻዋ የተጠቀለለ ወረቀት ይበቃታል። ክር ከአፏ ወይም ከመቀመጫዋ ወጥቶ ብታይ በምንም ምክንያት አትጎትት፤ አንጀቷን ትቆርጣለህ። ቀጥታ ወደ እንስሳት ሐኪም ነው። የምትወደው ሁለት ነገር ካለህ አንዱ ሌላውን እንዳይጎዳ መጠበቅ ያንተ ሥራ ነው።

ወጣቱ፦ አሁን ዋናውን ልጠይቅዎ። ኑሮ ከብዷል። ሰው ሁሉ ሩጫ ላይ ነው። በዚህ ጊዜ ቁጭ ብሎ ካልሲ መሥራትና ድመት ማሻሸት ቅንጦት አይሆንም?

እትዬ፦ ብዙ ሰው እንዲህ ያስባል፤ እኔ አልስማማም። ኑሮ ሲስተካከል ደስ ይለኛል የሚል ሰው ደስታውን ለማያውቀው ቀን አበድሮታል። ቅንጦት ማለት ያለ ልክ ማውጣት ነው፤ ይህ የሚፈልገው ጥቂት ክርና ትኩረት ነው። ለኔ ደስታ የምለው ከፊቴ ያለውን ነገር እንዳለ ማየት ነው። እግርህን እንዳለ ስለማየው ካልሲው ይገጥምሃል፤ ውሮን እንዳለች ስለምቀበላት ትቀርበኛለች። ሩጫው ይህን ይነሳናል፤ ልጃችን ምን ያህል እንዳደገ እንኳ የምናየው ጫማው ሲጠበው ነው።

ወጣቱ፦ ይህስ ልቤን ነካው።

እትዬ፦ ካልሲው ተሠርቶ ካለቀ በኋላም ትኩረቱ አይቀርም። ካልሲው ሲሳሳ አልጥለውም፤ በስፌት መርፌ ክር ወዲያና ወዲህ አድርጌ እሞላዋለሁ። ሱፍ በሙቅ ውኃ ካሸኸው ይኮማተራል፤ በቀዝቃዛ ውኃ አርፎ፣ ሳይጠመዘዝ፣ ተዘርግቶ ነው የሚደርቀው። ለብሰኸው የምትጥለው ነገር እንክብካቤ አያስተምርም። ይህ ግን ያስተምራል።

ወጣቱ፦ እንግዲያስ አስተምሩኝ። ከምን ልጀምር?

እትዬ፦ ከትንሽ ጀምር። ቀንሶና ጨምሮ መሥራት እስክትለምድ ወፈር ባለ ክር የሕፃን ካልሲ ሥራ፤ ተረከዙ በአንድ ማታ ይደርሳል፣ ተስፋ አያስቆርጥም። ድመት ማሳደግ ካሰብህ በየሰፈሩ የተጣሉ ግልገሎች አሉ፤ አንዷን ውሰድ፣ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት አስከትባት፣ ክርህን ክዳን ባለው ነገር አኑር። ክርና መርፌ ለመግዛት ከመውጣትህ በፊት ግን ለማን እንደምትሠራ ወስን፤ ወስነህም የሰውየውን እግር ለካ።